የወንድሜ አንሶላ

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የወንድሜን ዕቃ ልወስድ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ገባሁ። ከቀበርነው ሁለት ሳምንት አልሞላም። ጥቁር ለብሼ ስላየኝ ዘበኛው ምንም ሳይጠይቅ አሳለፈኝ።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አራት ተማሪዎች ነበሩበት፤ ሦስት ቀርተዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ረጅሙን ልጅ ቀጮ ይሉታል። ወንድሜን ደግሞ "ሬዲዮ" ይሉት ነበር፤ ሲያስል ስለሚያድር። "ባትሪው አያልቅም" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው።

አልጋው ባዶ ነው። ከአልጋው ጎን ግድግዳው ላይ ሰማያዊ አንሶላ በምስማር ተወጥሯል። ጠርዙን አየሁት። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የእጄን ሥራ አላጣውም። ጨርቁ ቢያጥረኝ በሌላ ቀጥዬ ለወንድሜ የሰፋሁት ነው።

"ማን ሰቀለው?"

ቀጮ አቀረቀረ። "ፕሮክተሩ ነው፣ እትዬ። ዛሬ ለቁጥጥር እንግዶች መጥተው በዶርማችሁ ረክታችኋል ወይ ብለው ይጠይቁናል። አዎ በሉ ተብለናል።"

"ረክታችኋል?"

"ሬዲዮ ከሄደ ወዲህማ ጸጥታው ራሱ..." አለና ዋጠው።

የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ።

"ያጽናዎት፣ እህቴ። ዕቃውን ይውሰዱ። አንሶላዋን ብቻ እስከ ከሰዓት ይተዉልን፤ ግድግዳውን ትንሽ እርጥበት ነክቶታል።"

"ወንድሜንም ትንሽ ነክቶት ነበር።"

"እሱማ ያሳዝናል። ግን የሞተ አይመለስም፤ አልጋውም ጾሙን አያድርም። ነገ አዲስ ልጅ ይገባበታል።"

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልቅሼ ልወጣ ነበር ሐሳቤ።

"የእናንተን ገበና በወንድሜ አንሶላ አትሸፍኑም!" አልኩና ከነጫማዬ አልጋው ላይ ወጣሁ። ሳብኩት። ምስማሮቹ እየተነቀሉ ወለሉ ላይ ተንጣጡ፤ አንሶላው ከቀጠልኩበት ላይ ተተረተረ።

ግድግዳው ከታች እስከ ደረቴ ድረስ በሻጋታ ጠቁሯል። መሐሉ ላይ ብቻ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ወንድሜ ሲተኛ ጀርባው ያሸው ቦታ ነው።

"እህቴ፣ ይውረዱ! መጡ እኮ!"

መጥተዋል። ሁለት ወንዶችና መነጽር ያደረገች ሴት በሩ ላይ ቆመዋል። ሴትዮዋ እኔንም ግድግዳውንም አየች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች።

"በመኖሪያችሁ ረክታችኋል?"

"በጣም እንጂ!" አለ ፕሮክተሩ።

"አንተን አልጠየቅሁም።"

ቀጮ መጥቶ እግሬ ሥር አልጋው ላይ ተቀመጠ። "አልረካንም። እዚህ ይተኛ የነበረው ልጅ ሞቷል። ሌላ ልጅ አናስተኛበትም።" ሌሎቹ ሁለት ልጆችም መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ፕሮክተሩ "ተነሡ" ቢል፣ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች።

ሴትዮዋ ግድግዳውን በጣቷ ነካች፤ አሸተተችው። ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ ወጣች። እኔም አንሶላዬን አጥፌ በብብቴ ያዝሁ።

በሳምንቱ ክፍሉ ታሸገ። ልጆቹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ተሰጣቸው፤ ቀጮም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው።