ለሁለት ውሃ የምትሆን ጀልባ

እንድሪስ አሰብን ከለቀቀ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎታል። ጎረምሳ ሳለ እዚያ ሰባት ዓመት በዓሣ ጀልባ ላይ ሠርቶ፣ ዘመኑ ሲገለበጥ አንዲት ሻንጣ ይዞ ደሴ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሸዋ በር ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ እየሸጠ ልጆቹን አሳደገ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃ። ስለ ባሕር ካልጠየቁት አያወራም። ከጠየቁት ግን ሻዩ ይቀዘቅዛል።

አምና ሱቁን ለታላቅ ልጁ አስረክቦ ቤት መዋል ጀመረ። ቤት መዋሉን ሦስት ወር ቻለው። በአራተኛው፣ ጅቡቲ ውስጥ ባሕር ዳር ባለችው ታጁራ የተዳረችው ልጁ ኢስራ ደወለችና ስልኩን ለባሏ ለከሊድ ሰጠችው። ከሊድ ዓሣ አጥማጅ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው ሰው ጀልባውን ይዞ ወደ ሌላ ወደብ ሄዶበታል።

«አባ፣ ፈቃዱ በእጄ ነው፤ ባሕሩም እዚሁ አለ። የጠፋው ጀልባ ነው» አለው።

እንድሪስ ስልኩን ዘግቶ ያሰበው አግማስን ነበር። አግማስ የሟች ጎረቤቱ ልጅ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ተቀምጦ ከሐይቁ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያሰግራል። ታንኳው አርጅታ ከሚያወጣው ዓሣ ይልቅ የሚቀዳው ውሃ ይበዛል። በዚያ ላይ ማኅበራቸው ዓሣው በሚራባበት በየካቲትና በመጋቢት መረብ እንዳይጣል ተስማምቷል፤ ሁለቱን ወር እጁን አጣጥፎ ነው የሚከርመው። አንድ ጀልባ ቢገዛ አሥር ወር ሐይቅ፣ ሁለት ወር ታጁራ ይሠራባታል። እንድሪስ ይህን ሲያሰላ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሐይቅ ወረደ።

አግማስ ነገሩን ሰምቶ ጨረሰና ጭንቅላቱን አከከ። «ጋሽ እንድሪስ፣ አንድ ጀልባ ለሁለት ውሃ ማለት እኮ አንድ ጫማ ለሠርግም ለእርሻም እንደማለት ነው።»

«እኔስ ሁለቱንም በአንድ ጫማ አይደል የተወጣሁት? አብሽር» አለው እንድሪስ።

ኮምቦልቻ፣ ከደረቅ ወደቡ ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ነጋዴ ከጅቡቲ ያስመጣቸውን ሦስት ያገለገሉ ጀልባዎች ግቢው ውስጥ ደርድሯል ብለው ሰሙ። በማግስቱ ሁለቱም ወረዱ። አግማስ የአክስቱን ልጅ የምስራችን አስከትሎ መጣ። የምስራች እዚያው ኮምቦልቻ በፋይበር የውሃ ታንከር ትሠራለች። «ፋይበር ፋይበር ነው፤ ታንከሩ ውሃ ከውስጥ ይይዛል፣ ጀልባዋ ከውጭ» አለች ከእንድሪስ ጋር ስትተዋወቅ።

እንድሪስ ግቢው እንደገባ ሌሎቹን አላያቸውም። ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ሆዷ እንደ ቢላ የሾለ የፋይበር ጀልባ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አሰብ የሠራባት ጀልባ ቁርጥ እሷን ነበረች። ጎኗን በመዳፉ እየዳበሰ ከጫፍ ጫፍ ሄደ።

«ይቺ ማዕበል ትቆርጣለች» አለ። «ሌላ ማየትም አያስፈልግ።»

አግማስ የእንድሪስን መዳፍ ይመለከት ነበር። የምስራች ግን ከኋላ ሄዳ፣ ሞተር የሚሰቀልበትን የጀልባዋን የኋላ ግድግዳ በመፍቻ እጀታ ኳ፣ ኳ ታደርግ ጀመር። ወደ መሐል ስትደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ኳኳታው ቀርቶ ትራስ እንደመምታት ሆነ።

«አባባ፣ ይምጡና ይስሙ» አለችው። «ውስጡ እንጨት ነው። በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ አበስብሶታል። ላዩን ቀለም ቀብተውታል እንጂ ሞተሩ በሞገድ ሲናጥ ተገንጥሎ ይሄዳል።»

እንድሪስ ራሱ መታው። እውነቷን ነበር። ጨው ምን ምን እንደሚበላ መንገድ ሙሉ ለአግማስ ሲያስተምር የመጣ ሰው፣ በመጀመሪያ ሊመታው የሚገባውን ቦታ ሳይመታ ቀረ። ፊቱ ጋለ። «አላህ ይስጥሽ፣ ልጄ» ብሎ ከሰማያዊዋ ራቅ አለ።

ሁለተኛዋ የአሉሚኒየም ነበረች፤ ሆዷ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ። አግማስ አፍንጫዋን ይዞ ብድግ ሲያደርጋት ተነሳችለት። ዓይኑ በራ። «ይቺን ብቻዬን ስቤ አወጣታለሁ። ቄጠማው ውስጥም ሰተት ብላ ትገባለች።»

«ለሐይቁስ ከእሷ የሚሻል የለም» አለ እንድሪስ። «ባሕር ላይ ግን ጠፍጣፋ ሆድ ማዕበሉን በጥፊ ነው የሚመታው፤ ማታ ወገብህን ይዘህ ነው የምትወርደው። ደግሞ ብሎኖቿን እያቸው፣ ብረት ናቸው። ብረትና አሉሚኒየም በተነካኩበት ቦታ ጨው ውሃ ከገባ፣ በሁለት ዓመት ወንፊት ትሆናለች።»

አግማስ አፍንጫዋን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

ሦስተኛዋን ነጋዴው ራሱ የረሳት ይመስል ዕቃ ቆልሎባት ነበር። ነጭ ፋይበር ናት፤ አምስት ሜትር ትሆናለች። ከፊቷ ሾል ብላ ወደ ኋላ እየሰፋች ትሄዳለች። ሾል ማለቷ ለማዕበሉ፣ መስፋቷ ቆሞ መረብ ለሚስብ ሰው። የምስራች ከዳር እዳር መታቻት፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጠች። አግማስ ሊያነሳት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ጋሼ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ነኝ» አለ። «ሐይቁ ዳር ማቆሚያ የለንም። በየቀኑ ወደ ደረቅ መጎተት አለባት።»

«ለዚህማ ሰው አይጠፋም» የሚለው እንድሪስ አፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዋጠው። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ የሚጎትታት እሱ አይደለም። «እውነትህን ነው» አለ። «እንግዲህ ውሃ ላይ ሳናያት ቃል አንሰጥም።»

ነጋዴው ትንሽ ካንገራገረ በኋላ የመኪናውን ኪራይ ከቻላችሁ ወስዳችሁ ሞክሯት አለ። በነጋታው ነጯን ጀልባ አይሱዙ ላይ ጭነው ዳገቱን ወጡ። ደሴ ፒያሳ ሲደርሱ መንገድ ተዘጋግቶ ነበርና ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ሰው ሁሉ እያየ ይስቃል። አንድ ሊስትሮ ብሩሹን እንደያዘ ወደ እንድሪስ ቀና አለና፣ «አባባ፣ ደሴ ደሴት ሆነች እንዴ? ምነው ሳንሰማ?» አለው። እንድሪስ ከጋቢናው ሆኖ፣ «ለክረምቱ ጭቃችሁ ነው ያመጣንላችሁ» ሲል መለሰ፤ መንገዱም እስኪከፈት ሲሳሳቁ ቆዩ።

ሐይቅ የደረሱት ቀትር አልፎ፣ ነፋሱ ከተራራው መውረድ ሲጀምር ነው። እንድሪስ የፈለገው ይህንኑ ሰዓት ነበር። የአግማስ ጎረቤቶች ተረባርበው ጀልባዋን ውሃ ላይ አሳረፏት፤ ከማኅበሩ የተዋሱትን ሞተር ሰቀሉ፤ እንድሪስና አግማስም ተሳፈሩባት። ነፋሱ ውሃውን እየጠቀለለ ሲልክባት አፍንጫዋ ከፍ፣ ዝቅ እያለ አለፈው። መሐል ላይ ሞተሩን አጥፍተው አግማስ በአንድ ጎን ቆሞ መረብ ጣለ፤ መልሶም ሳበ። ጀልባዋ ጥቂት አዘነበለችና ጸናች። እግሩን አፈራርቆ፣ ሆን ብሎ ገፋ ገፋ አደረጋት።

«እምቢ አለች» አለ ፈገግ ብሎ።

እዚያ መሐል ላይ፣ የውሃው ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ እንድሪስ ሲከነክነው የዋለውን ተናገረ። «አግማስ፣ ሰማያዊዋን የመረጥኳት ላንተም ለከሊድም አልነበረም። ለራሴ ነው።»

«አውቄያለሁ» አለው አግማስ መረቡን እያጠፈ። «ሲዳብሷት አይቼዎታለሁ። የምስራች ባትመጣ ኖሮ እምቢ ማለት ይከብደኝ ነበር።»

«እንኳን መጣች።»

የምስራች ዳር ላይ እየጠበቀቻቸው ነበር። ከሥራ ቦታዋ ሦስት ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ይዛ መጥታለች፤ አሸዋው ላይ በተርታ አጋድማቸዋለች። «ታንከር የምናንከባልለው በዚህ ነው። እስቲ ብቻህን ሞክር» አለችው አግማስን። ሊረዱት የተነሱትን ጎረቤቶች በእጇ አገደቻቸው። አግማስ ገመዱን በትከሻው አዙሮ ሳበ። ጀልባዋ ቱቦው ላይ ወጣች፣ ተንከባለለች፤ ከኋላ የተለቀቀውን ቱቦ እየሮጠ ወደ ፊት እያመጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ብቻውን ደረቅ ላይ አወጣት። ተቀመጠና አየር ሳበ።

«ትሁን» አለ።

«ቢስሚላህ ትሁን» አለ እንድሪስም።

የካቲት ሲገባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈሯት። አግማስና እንድሪስ በአውቶቡስ ተከተሉ። አግማስ ባሕር አይቶ አያውቅም። ታጁራ ዳር ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና፣ ውሃውን በጣቱ ቀምሶ ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄን ሁሉ ማን ጨመረበት?» አለ። ኢስራ አፏን በእጇ እስክትይዝ ድረስ ሳቀች።

በመጀመሪያው ጠዋት ሞተሩን ከሊድ ያዘ። እንድሪስ መጀመሪያ እኔ ልንዳ ሊል ፈልጎ ነበር፤ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነፋሱን መቀበሉ በቂ ሆኖ አገኘው። ጉልበቱ ያመዋል፤ ባሕሩ ግን የሚያውቀው ሽታ አለው። ነጯ ጀልባ ማዕበሉን እየከፈለች ስትሄድ እንደ ሰማያዊዋ አትቆርጥም ነበር፤ አንዳንዴ ትንጠራራለች፣ ውሃም ትረጫለች። እሱም ፊቱን ሳይጠርግ ተወው።

ከሊድ ማታ ማታ ሞተሩን ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ እንደሚያጥበው፣ አግማስም ይህን ካልለመደ ሐይቅ ሲመለስ ሞተር እንደማይኖረው ሲነግረው፣ አግማስ በጥሞና ይሰማ ነበር። ከዚያ የመንጠቆው ገመድ ተወጠረ፤ ተራ በተራ ሳቡ። አግማስ እያንዳንዱን ዓሣ ከፍ እያደረገ ስሙን ይጠይቃል። የመጀመሪያውን እንድሪስ ነገረው። ሁለተኛውንም ነገረው። ሦስተኛው ጎኑ ላይ ቢጫ መስመር ያለው፣ ዓይነ ትልቅ ነበር። እንድሪስ አገላብጦ አየው፤ በወጣትነቱ ስንቱን አውጥቷል፤ ስሙ ግን ከምላሱ ጠፋ።

«ይህን ረስቼዋለሁ» አለ።

ከሊድ ከኋላ ሆኖ ስሙን ጮክ ብሎ ነገራቸው። ሁለቱም፣ ሽማግሌውና የሐይቁ ሰው፣ ስሙን እኩል ደገሙት።