የመሃሉ ድምፅ

ዲስክ ማዘጋጃው ፕሮግራም የጋሼን ፋይሎች አልቀበልም አለ። አንዱን ከአንዱ ሳይለይ፣ ሁሉንም። "ይህ ፋይል አይደገፍም" የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሲደረደር ኤዲተሯ አልተናደደችም። እንዲያውም ቀለል አላት ማለት ይቻላል። እንቢ ያለ ፋይል ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራ ደግሞ እጅ ያስይዛል። ታላቅ ወንድሟን ጋሼን ከቀበሩ ወዲህ እጇ ባዶ ሲሆን ምን እንደምታደርግበት አታውቅም ነበር።

ጋሼ አናጺ ነበር። ደንበኞች ሥራውን እንዲያዩለት ብሎ ደህና ካሜራ ገዛና ሲልግም ሲያጣብቅም ራሱን መቅረጽ ጀመረ። እየሠራ ያወራል። ከመታመሙ በፊት የመጨረሻውን ቀረጻ የቀረጸው እናታቸው ቤት ነው፤ የተንጋደደውን የጓዳ በር ሲያድስ። እናት ይህን ታስታውሳለች። ለቅሶው ካለፈና ሰው ከተበተነ በኋላ ልጇን የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"በሩን ሲሠራ የተቀረጸውን ዲስክ አድርጊልኝ፤ በኔ ማጫወቻ የሚሄደውን። እኔ ስልክ ምናምን አላውቅበትም። ሲያወራ ልስማው።"

የእናት ማጫወቻ አሮጌ ነው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቢሆንም ቁልፎቹን በዳበሳ ለይታ ታውቃቸዋለች፤ ዲስኩንም ራሷ ታስገባለች፣ ራሷ ታወጣለች። ማንንም አታስቸግርም።

ኤዲተሯ ሥራውን ተያያዘችው። የፋይሎቹ ችግር ጥራታቸው ነበር። ካሜራው በሰከንድ ሃምሳ ሙሉ ምስል ያነሳል፤ ዲስኩ የሚችለው የዚያን ግማሽ ነው። የምስሉም ስፋት ዲስኩ ከሚይዘው እጅግ ይበልጣል። መጀመሪያ ስትለውጠው የጋሼ ክንድ መላጊያውን ይዞ ሲመላለስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጠቀ። ደግማ ስትለውጠው ፊቱ ቀጥኖ ረዘመ። ያንንም አስተካክላ የቆዳውን ቀለም አመድማ ሆኖ አገኘችው። አንዱን እያስተካከለች፣ ሌላውን እያበላሸች፣ መልሳ እያቃናች ሰነበተች። ይህን ሁሉ ስትሠራ የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ ዝግ ነበር። ማየቱን ችላዋለች፤ መስማቱን ግን አልደፈረችውም።

"የምን ሠርግ ነው እንዲህ ጭጭ ያለው?" አላት ፎቶ አንሺው። አንድ ክፍል ተጋርተው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ነው የሚሠሩት።

"የቤት ጉዳይ ነው።"

"ሙሽራዋ ኮበለለች እንዴ? ድምፁን ክፈቺው እንጂ፣ እኛም እንስማ።"

"አንተ ፎቶህን አጥብ።"

"ማን ፎቶ ያጥባል ዛሬ? የት ነው የምትኖሪው?"

በዚያ ክፍል አንድ ሕግ አለ። ከሠራው ሰው ሌላ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር ሳያየው ዲስክ ከበሩ አይወጣም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ የሠራ ሰው ማየት የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያየው ብላ። ዲስኩ ሲያልቅ ፎቶ አንሺው እንደ ወትሮው እጁን ዘረጋ። እሷ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ይሄኛው አይታይም።"

"ዛሬ ደግሞ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?" አለና ፊቷን ሲያይ የጀመረውን ቀልድ ዋጠው።

እናቷ ቤት ሄዳ ዲስኩን አስገባች። የጋሼ ጀርባ ታየ፤ ጠርዙ የጠራ፣ ቀለሙ የቆዳ ቀለም። ዞር ብሎ አፉን ከመክፈቱ በፊት "ሥራ ትቼ ነው የመጣሁት" ብላ ወጣች። በማግስቱ ደውላ እንዴት ነው ስትል እናቷ "ጥሩ ነው፣ እጅሽ ይባረክ" አለቻት። ድምጿ ቅጥን ያለ ነበር። ኤዲተሯ ሐዘን ነው ብላ አለፈችው።

በሳምንቱ ስትሄድ የመዶሻው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል። በሩን ከፍታ ገባች። እናቷ በርጩማዋን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠግታ ጆሮዋን ማጉያው ላይ ለጥፋለች። መዶሻው ይቀጠቅጣል፤ መጋዙ ይፈጫል፤ በሩ ያቃስታል። ከእናቷ ራስ በላይ የጋሼ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ፈገግም ይላል። አንድም ቃል አይወጣም።

"መጣሽ? ቀንሺው በይ፣ ጎረቤት አስቸገርኩ።"

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምንም።" እናት ቀና አለች። "ዓይኔን ለመድኩት ስል ጆሮዬ ደግሞ ተከተለ። የሚገርመው መዶሻውን እሰማለሁ፣ አንቺንም ይኸው እሰማለሁ። እሱን ግን እንቢ አለኝ። ያወራል አይደል?"

"ያወራል።"

"እንዲያ ነው ያልኩት። ስንት ደክመሽበት ምን ብዬ ልንገርሽ?"

ኤዲተሯ ቆማ የወንድሟን ከንፈር አየች። ጋሼ ሲቀርጽ ኮሌታው ላይ ትንሽዬ ማይክ ይሰካ ነበር። ካሜራው ድምፅን በስድስት መስመር ከፋፍሎ ይቀዳል፤ የክፍሉን ድምፅ በዙሪያው ባሉት፣ የኮሌታውን ማይክ ለብቻው በመሃለኛው። የእናቷ ማጫወቻ የሚያሰማው ሁለት መስመር ነው። ስድስቱን አደባልቃ ወደ ሁለት ማምጣት ሲገባት የግራና የቀኙን ብቻ ወስዳ መሃሉን ጥላዋለች። ይህን ስህተት ጀማሪም ይሠራዋል፤ ግን ድምፁን በከፈተባት ደቂቃ ይነቃል።

"ጆሮሽ ምንም አልሆነም፣ እማዬ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አታባብዪኝ።"

"እውነቴን ነው። ድምፁን እኔ ነኝ ያስቀረሁት።"

"እሺ፣ የኔ ልጅ" አለች እናት፤ ሕፃን ሲዋሽ አይቶ እንደሚያልፍ ሰው።

ወደ ሥራ ቦታዋ ተመለሰች። የመሃሉን መስመር ከመዶሻው በላይ፣ ከመጋዙ እኩል ለማድረግ ቃል በቃል መስማት ያስፈልጋል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መጀመሪያ የመጣው ትንፋሹ ነው፤ ከዚያ "ይሄን በር የሠራው ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የመጣው" አለ ጋሼ፣ እዚያው ጆሮዋ ውስጥ። ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነባትና ቀረጻውን አቆመችው። አስነሳችው፤ እንደገና አቆመችው። እንደዚያ እየተንፏቀቀች እስከ መጨረሻው ደረሰች።

ከዚያ ዲስኩን ለፎቶ አንሺው ዘረጋችለት። "እየው" አለችው።

ከዳር እስከ ዳር አየው። አልቀለደም።

"ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ነበር የሚያወራው?"

"እንዲህ ነበር።"

አዲሱን ዲስክ እናቷ ቤት ወስዳ አስገባች። እናት በርጩማዋን ልታስጠጋ ስትል ኤዲተሯ እጇን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። መዶሻው ሁለቴ መታ።

"እማዬ፣ ያቺን ምስማር አቀብዪኝ እስቲ" አለ ጋሼ። "አይ ተዪው፣ አገኘኋት።"

የእናት እጅ ከጉልበቷ ተነሥቶ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

"ለካ ጆሮዬ ደህና ነው" አለች።

"ደህና ነው፣ እማዬ።"

"እኔ እኮ ጆሮዬ ነው ብዬ ሳስብ፣ እሱ አሁንም እዚያ ሆኖ የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር። እኔ ነኝ የማልሰማው እያልኩ።"

በቀብሩ ያላለቀሰችው እናት ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ የሚናገረው እንዳያመልጣት እየተጠነቀቀች። ኤዲተሯ ማጫወቻው አጠገብ ተንበረከከች።

"ላቁመው?"

"ተዪው፤ ይጨርስ።"

ጋሼ የበሩ ማጠፊያ እንዴት እንደሚታሰር እያስረዳ ነበር፤ የላይኛው መጀመሪያ፣ ግን ብሎኑ ሳይጠብቅ።