ከኋላዋ ማንም አልነበረም

ጋሼ ፋሻን ጨርቅ ጠቅላይ ያለው አሰልጣኙ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከልምምድ በኋላ፣ ቦታው የባድሜንተን ተጫዋቾቹ ሁሉ ተደርድረው ጫማቸውን የሚፈቱበት አግዳሚ ወንበር ፊት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጋሼ ፋሻ ደግሞ አራተኛ ክፍል ሳለ ድንጋይ ራስ ያለውን መምህር፣ መምህሩ ከተቀበረ በኋላ እንኳ ይቅር ያላለ ሰው ነው።

ሥራው ተጫዋቾቹን ማሟሟቅ፣ ቁርጭምጭሚትና ጉልበታቸውን መጠቅለል ነበር፤ ስሙም የወጣለት ከዚያው ነው። በዚያ ሰሞን አንዱን ተጫዋች ጉልበትህ አብጧል ብሎ ከውድድር አስቀረው። ሐኪም ሲያየው ልጁ ደህና ሆኖ ተገኘ። ይኼኔ አሰልጣኙ፣ "አንተ ጨርቅ ጠቅላይ ነህ፤ ዝም ብለህ ጠቅልል። አንተን የሰማ እንደሆነማ ሰው ሁሉ ሽባ ነው፤ ፈሪ" አለው። ወንበሩ ሙሉ ሳቀ።

ከሳቁት መካከል ከተጫዋቾቹ ሁሉ ጎበዟ ልጅ አልነበረችም። ይህ ኋላ እንደ እሾህ ወጋው።

የፍጻሜው ጨዋታ ዕለት ጠዋት እሷው ዕቃ ቤት ድረስ መጣች። ካልሲዋን አወለቀችና ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት አሳየችው።

"ጋሼ፣ ከአልጋ ስወርድ እዚህ ጋ ጨምድዶ ይይዘኛል። ለአሰልጣኙ ልንገረው እንዴ?"

በአውራ ጣቱ ጫን ሲለው ጅማቱ አብጧል፤ ልጅቷም ጥርሷን ነከሰች። ድሮ ቢሆን ጫማዋን ነጥቆ፣ ቁጭ በይ ይላት ነበር። ግን ያ "ፈሪ" የሚል ቃል ጆሮው ውስጥ ገና አልበረደም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር ታየው፦ ልጅቷ አሸንፋ፣ ዋንጫውን ይዛ፣ አሰልጣኙ እየሰማ "የጋሼ እጅ ነው" ስትል።

"እኔ እያለሁልሽ ምን ይነገራል?" አላት።

የሚያደነዝዘውን ቀዝቃዛ መድኃኒት ቆዳዋ እስኪነጣ ድረስ ረጨባት። ከዚያ አጥብቆ ጠቀለላት። ልጅቷ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረገችና ምንም አይሰማኝም ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ገና መሳቁ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ተጋጣሚዋ ላባዋን ኳስ አርቃ ወደ ኋላ ሰደደችባት። ልጅቷ አፈግፍጋ ለመዝለል መሬቱን ስትገፋ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ተሰማ። ወዲያው አልወደቀችም። ዞር አለች።

"ማነው የረገጠኝ?"

ከኋላዋ ነጭ መስመር፣ ከመስመሩ ወዲያ ባዶ ወለል ነው። ከዚያም ወዲያ ጋሼ ፋሻ የመድኃኒቱን ጣሳ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ልጅቷ ቀስ ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጅማቷ ተበጥሶ ኖሮ በቀዶ ጥገና ተሰፋ። ሐኪሞቹ ትራመጃለሽ እንጂ ትዘያለሽ አላሏትም። ጋሼ ፋሻ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ፤ ብርቱካኑን ይዞ ተመለሰ።

ቆይታ አንድ ቀን በክራንች፣ እግሯ በጀሶ እንደተያዘ ጓደኞቿን ልትጠይቅ መጣች። ተጫዋቾቹ ከበቧት። እሱ ጥግ ላይ ፋሻ ይጠቀልላል። አሰልጣኙ ጠራውና በዚያው ወንበር ፊት አቆመው።

"ጋሼ፣ እዚህ ቦታ በሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። በሰው ፊት ይቅር በለኝ። ይቺ ልጅ ሕመሜን ለማንም አልተናገርኩም ብላኛለች። ለአንተ ነግራህ ቢሆን ኖሮ ታስቀምጣት ነበር። ምክርህን መሳቂያ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሷም ለዚህ ነው ያልነገረችህ።"

እንዲህ የሚባልበትን ቀን ስንት ጊዜ ተኝቶ አልሞታል። መልሱን እንኳ አዘጋጅቶ ነበር፤ የሚያቃጥል መልስ። አሁን አፉ ውስጥ አመድ ሆነበት። ልጅቷን አያት። ዓይኗን ጀሶዋ ላይ ተክላለች።

"አይደል እንዴ ጋሼ፣ አታስቀምጣትም ነበር?"

የያዘውን ፋሻ ወንበሩ ላይ አኖረ። ጫፉ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ጎንበስ ብሎ አላነሳውም።

"ተዉት" አለ አሰልጣኙ ለተጫዋቾቹ ዝግ ብሎ፤ "ቂሙ ገና አልወጣለትም።"

ጋሼ ፋሻ ሰማ። በሩን ገፋና ወጣ።