የኦቦ ተረፋ የጉም መብራት

ኦቦ ተረፋ ሠላሳ ዓመት በነዷት ቮልስ ላይ ሁለት የጉም መብራት ሲያስገጥሙ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ካለው ኤሌክትሪሺያን ከቀነአ አጠገብ ቆመው ዋሉ። "ቀስ በል! ቀለሙን እንዳትጭርብኝ!" እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡት። መብራቶቹ በርተው ሲያዩ ግን ፊታቸው ፈካ።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው እታገኝ ለቴሌቪዥኑና ለፍሪጁ እንዳደረገችው ሁሉ ለመብራቶቹም ከወፍራም ጨርቅ ሽፋን ሰፍታ አለበሰቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ለለቅሶ ወደ አኖ ከተማ ሲሄዱ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ኦቦ ተረፋ የጉም መብራቱን ማብሪያ ቢጫኑት፣ ደጋግመው ቢጫኑት ምንም ለውጥ የለም። መኪናዋን ዳር አስይዘው ቀነአ ጋ ደወሉ።

"አንተ ቀጣፊ! መብራት ነው ጌጥ የገጠምክልኝ?"

"ኦቦ ተረፋ፣ እስቲ ወርደው ይዩልኝ። አይበሩም?"

ወረዱና የሽፋኑን ጫፍ ገለጥ ሲያደርጉ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋው። ቶሎ መልሰው ሸፈኑት።

"ይበራሉ። ከሽፋኑ ሥር ቦግ ብለዋል።"

"እንግዲያው ሽፋኑን ያውልቁታ!"

ኦቦ ተረፋ ይሄኔ ደማቸው ፈላ።

"በዚህ ጉም? እርጥበት ገብቶ ያበላሽብኝ?"