የማይነገረው የቻይና መድኃኒት

እናቴ ስትሰግድ ከሱጁድ ቀና ብላ ስትነሳ ግድግዳውን ያዘች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

እናቴ ዘምዘም የደም ግፊት አለባት። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ኪኒን ማታ ማታ የማስታውሳት እኔ ነኝ። ጉልበቷንም ስለሚያማት ለዓመታት የሰገደችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ከረመዳን ወዲህ ግን ወንበሩን ትታ ግንባሯን መሬት ማስነካት ጀመረች። ቤተሰቡ ሁሉ "አልሐምዱሊላህ" ሲል እኔን ደስታው አልዋጥልኝ አለ። የአሮጊት ጉልበት በድንገት ለምን ይድናል? ሰው ሊሄድ ሲል ይበረታል ሲባል ሰምቻለሁ።

አሁን ደግሞ ማዞር መጣ።

"እማ፣ ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"ግድግዳ ስትይዢ አይቼሻለሁ እኮ።"

"ሊወድቅ ሲል ደግፌው ነው።"

ቀልዷን ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የታየኝ ከፈን ነው።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ከቦርከና ማዶ የእህቷ ልጅ ስትዳር እናቴ "አልሄድም" አለች። ሰርግ ሲባል ከሁሉ ቀድማ ልብሷን የምታጥፍ ሴት! "ወንዝ መሻገር የለብኝም" አለች እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም። ድልድይ አለው፣ በባጃጅ ነው የምንሻገረው ብላትም አልሄደችም። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ከክፍሏ የማላውቀው መራራ ሽታ ይወጣል። ያን ጊዜ "እንዴት አደርሽ" ብላት መልስ የለም፤ አልፋኝ ወደ ጓዳ ትገባለች። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ "አደርሽ ወይ?" ትለኛለች። አእምሮዋም መሄድ ጀመረ ብዬ ተደብቄ አለቀስኩ።

ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጤና መኮንኑ ምንተስኖት ግፊቷን ለካ፤ ደግሞ ለካ።

"በጣም ወርዷል። እማማ፣ ከእኛ ኪኒን ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

"መድኃኒቴ አላህ ነው።"

"እሱማ የሁላችንም ነው። ቅጠል፣ ሥር፣ ዱቄት የመሰለ ነገር ማለቴ ነው።"

"ልጅ ወልደሃል?"

"እማማ፣ እኔ የምጠይቅዎት…"

"ግዴለም፣ አላህ ይሰጥሃል።"

ምንተስኖት እኔን ወደ ኮሪደር ጠራኝ። "የሚደብቁኝ ነገር አለ። እሱን ሳላውቅ ኪኒኑን ልቀንስ ልተው እንዴት እወስናለሁ? አዙሯቸው ከወደቁ ዳሌያቸው ሊሰበር ይችላል። ከአጠገባቸው አትራቂ፤ ነገ አጣርተሽ አምጫቸው። ካልሆነ ደሴ እልካቸዋለሁ።"

ዳሌ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አልጋ ላይ ስትገለበጥ፣ ጀርባዋ ሲቆስል፣ ልጄ ዓፊያ ትምህርቷን ትታ ስታስታምማት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ።

እናቴን ቤት አስገብቼ ዓፊያን አጠገቧ አስቀመጥኩና መረጋጋት ሲያቅተኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ጎረቤታችን መስታወት ደጃፏ ላይ ካርቶን ትፈታለች። ኮምቦልቻ ድረስ ሄዳ ሰልጥና ለአዛውንት የሚሆን የቻይና መድኃኒት የምትሸጥ ሴት ናት። ካርቶኑ ሲከፈት ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬ ገባ።

"መስታወት! ለእናቴ ምን ሰጠሻት?"

ፊቷ ተለዋወጠ። "አስምለውኛል።"

"ልትሞትብኝ ነው፣ የምን መሐላ ነው!"

"ኧረ በስማም! ክፉ አታውሪ። ተቀቅሎ የሚጠጣ ሥር ነው። ቻይናዎቹ የሽማግሌ ጉልበት የሚደክመው ኩላሊቱ ሲደክም ነው ይላሉ፤ ኩላሊት ነው አጥንትን የሚመግበው ይላሉ። ይህን ስነግራቸው 'እነዚህስ አዋቂ ናቸው' አሉና ወሰዱ።"

"ግፊት እንዳለባት አታውቂም?"

"አውቃለሁ እንጂ! ለሐኪሙ ይንገሩ ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን 'ቆሪቻ ሲነገር ይረክሳል' ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።"

ያኔ ሁሉም ግልጽ ሆነልኝ። እናቴ የቻይናውን ሥር በእኛ አገር ባህላዊ መድኃኒት፣ በቆሪቻ ደንብ ነበር የያዘችው። ከመጠጣቷ በፊት ከሰው ጋር አትነጋገርም፤ ወንዝ አትሻገርም፤ ለማንም አትናገርም። አያቴም ለሆዷ የተሰጣትን ሥር እንዲሁ ነበር የምትጠጣው። እኔ መርሳት ነው ያልኩት ጥንቃቄ ነበር።

በማግስቱ ምንተስኖት ያንኑ ጠየቃት፤ እሷም "መድኃኒቴ አላህ" ስትል አቋረጥኳት።

"የቻይና ሥር እየቀቀለች ትጠጣለች።"

"ጨሊሲ!" አለች። ስትናደድ በኦሮምኛ ነው ዝም የምታሰኘኝ።

"ከረመዳን ወዲህ ነው። ማለዳ ማለዳ፣ ለጉልበቷ።"

እናቴ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። "አረከስሽው" አለች ቀስ ብላ።

ምንተስኖት አልተቆጣትም። "ውስጡ ያለውን ሁሉ አላውቅም፣ እማማ። ነገር ግን አንዳንዱ ሥር ግፊት ያወርዳል፤ ከእኛ ኪኒን ጋር ሲደረብ እንዲህ ሊጥልዎት ይችላል። ለጊዜው ሥሩን ያቁሙ።"

"አንተ አትድከም" አለችው። "እሷ አስቁማዋለች።"

ወደ ቤት ስንመለስ ከባጃጁ ሹፌር ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አላወራችም። ቤት ገብታ የቀረውን ሥር አውጥታ ደፋችው። ስለ ግፊቱ ብላ አይደለም፤ ስለተነገረ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ማዞሩ ቀስ በቀስ ተዋት። ጉልበቷ ግን ተመልሶ ያዛት፤ ሳትለምነኝ ወንበሩን ራሷ ጎትታ ወሰደች። ስትሰግድ እንዳላያት በሩን ትዘጋው ጀመር። ከተዘጋ በር ኋላ ወድቃ ከሆነስ እያልኩ ጆሮዬን እለጥፋለሁ፤ ወንበሩ ሲንቋቋ እተነፍሳለሁ።

ለቀጠሮዋ ስንመለስ ምንተስኖት ለካና ፈገግ አለ። "ተስተካክሏል።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ልነሳ ስል እናቴ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም።

"ጉልበቴንስ ማን ለካልኝ?" አለች።

ስንት ጊዜ እዚህ ይዣት ስመጣ ስለ ግፊቷ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ኪኒኗ ስለፈልፍ ስለ ጉልበቷ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጉልበት ማንን ይገድላል?

ምንተስኖት የግፊት መለኪያውን አጥፎ ወደ ጎን አደረገና ፊቷ ተንበረከከ። "ይንገሩኝ፣ እማማ። የቱ ጋ ነው? ሲቀመጡ ነው ሲነሱ የሚብሰው?"

እናቴ መጀመሪያ ወደ እሱ፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ተመለከተች።

"ይቺ ትውጣና እነግርሃለሁ።"

ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ረጅም ነው የምታወራው። ይሄን ያህል የሚወራ ምን ሕመም ቢኖርባት ነው?