ውጣና እይ

ኤሌክትሪሻኑ ፀጉሩ ገብስማ ቢሆንም ቤተሰቡ ዘንድ ስሙ አልተለወጠም፤ ዛሬም ማሙሽ ነው። በሥራው ማንም አያማውም። የሚታማው በምላሱ ነው። ቀልድ ከመጣችለት ማን ላይ እንደምታርፍ ሳያይ ይለቃታል። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ነገሩም እዚያው ያለቀ ይመስለዋል።

ያን ቀን ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ የመጣው የአረጋውያን መኖሪያው የላይኛው ፎቅ ላይ ያሉትን የጭስ ማንቂያዎች ሊቀይር ነበር። በመብራት መስመር የሚሠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጭስ ቢመጣም አይታመኑም። አሮጌዎቹን የሰቀለውም ራሱ ነበር። ኮርኒሱን የሠራው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ አሳድጎ፣ እጁን ይዞ ግንባታ ቦታ ያስገባው ጋሼ።

«አደራ፣ ኮርኒሱን እንዳትበሳሳው» አለችው አስተዳዳሪዋ። ለቦታው አዲስ ናት። «እሳት እንዲያቆም ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ቀዳዳ ክፍት ከቀረ እሳቱ በዚያ ሾልኮ፣ ከላይ ከላይ ሄዶ አዛውንቶቹ ክፍል ይገባል።»

«አታስቢ፣ እህቴ።»

«ሕንፃው ሲሠራ በዚሁ ነገር አንድ ልስን ሠራተኛ ተባሯል አሉ። ጨለማው ነው የሚሉት፣ ታውቀዋለህ?»

ማሙሽ መሰላሉን ዘረጋ። ወንድሜ ነው ለማለት አፉ አልታዘዘለትም።

ያኔ ለማንቂያዎቹ ቀዳዳ የቀደደው እሱ ነበር፤ እንደ ልማዱ እየተቻኮለ፣ ያለ ልክ አስፍቶ። ኮንትራክተሩ አንጋጦ ሲያይ ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ብቻ ታየውና ለምን አልተዘጋም አለ። ጋሼ «ከላይ ዘግቼዋለሁ፤ ውጣና እይ» ብሎ መለሰ። ማሙሽ ግን ቀደመና፣ «ጋሼ፣ በጂፕሰም ፋንታ በጨለማ ነው እንዴ የለሰንከው?» አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ኮንትራክተሩም ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ጋሼን ዕቃህን ሰብስብ አለው።

ማሙሽ ወጥቶ አላየም። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሙቀት አይቻልም ነበር፣ ሌላ ሥራም ይጠብቀው ነበር። በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ከታች አሳመረና ሁሉም በቃ ተዘጋ ብሎ ተቀበለ። ቀልዷ ግን ክንፍ አወጣች። ጋሼ ጨለማው ተባለ፤ በየሄደበት ስሙ ቀድሞት ደረሰ፣ ሥራ የሚሰጠውም ጠፋ። አሁን አንድ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ነው። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ማሙሽ የመብራቱን መስመር አጠፋ፣ ኃይል እንደሌለ በቴስተር አረጋገጠ፣ ወጣና የመጀመሪያውን ማንቂያ ጠምዝዞ አወረደ። አዲሱ ከአሮጌው ይጠባል፤ ቢገጠም የቀዳዳው ጠርዝ ዙሪያውን ገጥጦ ይቀራል። ምን ያህል መሙላት እንዳለበት ለማወቅ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። እጁ ደረቅ ነገር ነካ።

በስልኩ አበራ። ከቀዳዳው በላይ እሳት ከሚቋቋም ቦርድ የተሠራ ሳጥን ተደፍቶበታል። መገጣጠሚያው ሁሉ ተለስኗል። ሽቦው የገባው በልኩ በተበሳች ቀዳዳ ነው፤ ዙሪያዋ በጂፕሰም ተደፍኖ በአውራ ጣት ተጠቅጥቋል። የጣቱ አሻራ አጭርና ጫፉ ዱልዱም ነው። ጋሼ በወጣትነቱ የአውራ ጣቱን ጫፍ መጋዝ ቆርጦበታል። ማሙሽ ሁለተኛውን አወረደ፣ ሦስተኛውን አወረደ። ሁሉም ላይ ያ ጣት አለ። መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፊቱ በሀፍረት ነደደ፤ እጁን ሰድዶ ለመንካት ይህን ሁሉ ዓመት ፈጀበት።

መሣሪያውን እንደበተነ ጥሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ጋሼ በሩ ላይ ወንበሩን ጥላ ሥር አስጠግቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ዘግተኸው ነበር።»

«ምኑን?»

«የአረጋውያኑን ኮርኒስ። አንድም አላስቀረህም።»

«ብያችሁ ነበር እኮ» አለ ጋሼ፣ ትናንት የሆነ ይመስል።

«ታዲያ ለምን አልጮህክም? አንገቴን ይዘህ ለምን ወደ ላይ አላወጣኸኝም?»

«መጀመሪያ ውጣ ያልኩት ሳላስብ ነው፤ ሰውየው ቢወጣ ሳጥኑን ብቻ አያይም። አንተ እንዴት አድርገህ እንደቀደድከውም ያያል። ያኔ ደግሞ ሚስትህ እርጉዝ ነበረች። እኔ መቼም ሥራ አላጣም ብዬ ነው።»

ማሙሽ ይቅር በለኝ ለማለት ጀመረና አልወጣ አለው። «ነገ ና» አለ በመጨረሻ። «ጠርዙ መሞላት አለበት። ካንተ በቀር ማንም አይነካውም።»

ጋሼ መጣ፤ የድሮ የሥራ ልብሱን አስተኩሶ። ማሙሽ አስተዳዳሪዋን ጠራ። «ጨለማው የሚሉት ይኸው ነው። ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ነበር።» ሴትዮዋ የጋሼን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠች። ጋሼ ግን ዓይኑ ባልዲው ላይ ነበር።

ድሮ ወሬ እያወራ፣ ሳያይ ነበር ጂፕሰም የሚያቦካው። አሁን ውሃውን ለካ፣ ዱቄቱን ነሰነሰ፣ አማሰለ፣ እንደገና ውሃ ጨመረ። ጎንበስ ቀና ሲል ጂፕሰሙ ባልዲው ውስጥ ደረቀ። ፈቅፍቆ ደፋውና ሁለተኛ አቦካ። መሰላሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ መወጣጫውን ጨብጦ ቆመ፤ ተመልሶ እስኪወርድ ያም ደረቀ። ጋሼ ሳቀ። «እንዴ፣ የዛሬ ጂፕሰም ሰው አይጠብቅም!»

ማሙሽ አብሮት መሳቅ ፈለገ። ያ የማያርፍ ምላሱ አንድ ቀልድ እንኳ አላቀብል አለው።

«አንተ ውጣ» አለ ጋሼ የልስን ማንኪያውን እያቀበለው። «እኔ ከታች ልንገርህ።»

ሦስተኛውን ማሙሽ አቦካና ወጣ። ጋሼ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጫን አድርገው፤ አየር እንዳይቀር፤ እንደሱ» ይለዋል። ማሙሽ በተባለው መንገድ ዙሪያውን ሞላ፣ አለሰለሰ፣ ከዚያም እጁን አወረደ።

«በደንብ ተዘጋ?» አለ ጋሼ። ዓይኑ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንጋጦ ያፈጣል። «ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።»

«ተዘግቷል፣ ጋሼ።»

«እሺ» አለ ጋሼ፤ አልተጠራጠረም፣ ደግሞ አልጠየቀውም። መሰላሉን ወደሚቀጥለው ቀዳዳ መጎተት ጀመረ።