ሳይጣራ የመጣ መብራት

በግምጃ ቤት ከተማ ዙሪያ ያሉ መንደሮች አንድ ደግ ልማድ ነበራቸው። ነፋስ ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ጥሎ መብራት ሲያጠፋ ወንዶቹ መጥረቢያ ይዘው ይወጣሉ። ዛፉን ቆርጠው፣ የወደቀውን ሽቦ ከመንገድ ጎትተው የመብራት ሠራተኛው ከእንጅባራ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። እሱም ጠግኖ ሲጨርስ ምሰሶው ላይ ሆኖ «ልለቀው ነው!» ብሎ ይጣራል። ከወንዶቹ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ዋኘው ሰዉን ዞር ዞር ብለው አይተው «ልቀቀው!» ይላሉ። በዚህ ደንብ ስንት ዓመት ሲሠራ የአንድ ሰው ጣት እንኳ አልተቃጠለም።

ሠራተኛው ወገኔ የአቶ ዋኘው የገዛ ልጃቸው ነበር።

በ2011 የካቲት ላይ አዲስ ማሽን መጣ። መስመሩ ሲጠፋ ማሽኑ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ራሱ መልሶ ይለቀዋል፤ ችግሩ ካልተወገደ ደግሞ ራሱ ይዘጋዋል። ወገኔ ማሽኑን ሰቅሎ፣ የሚጠብቀውን ሰከንድ እንደ ሰዓት ሞልቶ፣ እንጅባራ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። እሰይ! ከእንግዲህ በዝናብ ጭቃ ማቡካት ቀረ።

ለአባቱ ነግሯቸዋል፤ አልነገረም አይባልም።

«አባባ፣ ሽቦ ወድቆ ቢያዩ አይንኩ። መብራቱ ሄዶ ይመለሳል።»

«ሳይጣራ?» አሉ አቶ ዋኘው።

«ማሽን ምን አፍ አለው?»

አባትየው ከት ብለው ሳቁ። «ተው እንጂ! ሰው ሥራ ላይ መሆኑን እያወቀ ሳይጣራ የሚለቅ ምን ዓይነት ባለጌ ነው?»

ወገኔም አብሯቸው ሳቀ። ኮስተር ብሎ መድገም ነበረበት፤ ግን አባት ሲስቅ ማን ይቆጣል? ሌላ ቀን እነግራቸዋለሁ አለ። ሰው ነውና ነገን አመነ።

ሰኔ ላይ አንድ ከሰዓት ነፋሱ ጉድ አደረገ። ኮምፒውተሩ ላይ የግምጃ ቤት መስመር ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በራ።

«ጎሽ፣ የኔ አንበሳ!» አለ ወገኔ ማሽኑን። ወዲያው ዳግመኛ ጠፋ፤ በዚያው ቀረ።

አባቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ጎረቤታቸው ውዱ ነው። «ወገኔ፣ ቶሎ ና» አለና ልቅሶ አሸነፈው። ሽቦው የጋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ኖሯል። አቶ ዋኘው ጋሪ ሲመጣ አይተው ሮጡና ሽቦውን በእጃቸው ያዙት። መብራቱ ጠፍቷል፤ የተጣራም የለም፤ ታዲያ ምን ያስፈራቸዋል? ማሽኑ መልሶ የለቀቀው ያን ጊዜ ነው።

በሣልስቱ እናቱ እማማ ልክየለሽ ድንኳኑ ውስጥ ቀና ብለው «ማነው የለቀቀው?» አሉ።

«ማሽኑ ነው» አላቸው ውዱ።

«ሰው ሰው ቢገድል ሽማግሌ ይልካል። ማሽኑ ማንን ይልካል? እኔ ከማን ጋር ልታረቅ?»

ወገኔ ተነስቶ ወጣ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገና እንደ ነፍሰ ገዳይ አጎንብሶ ገባ። እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ሰከንዱን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይማሩኝ።»

እማማ ልክየለሽ ድንጋዩን ከአንገቱ ሊያነሱ ታገሉ፤ ከበዳቸው።

«አውርደው» አሉ እያለቀሱ። «በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው አልቀብርም።»